ሦስት ልብና አንድ የድስት ክዳን

ማሽኑን የገዛሁት እኔ አይደለሁም። እህቴ ካቻምና ከጅዳ ስትመጣ ያገለገለ ኒንቴንዶ ስዊች በፎጣ ጠቅልላ በሻንጣዋ ይዛ መጣች። ያመጣችው ለልጇ ነው። ልጁ ከእኔና ከእናቴ ጋር እዚህ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው የሚያድገው፤ አቡሽ እንለዋለን፣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ማሽኑ ውስጥ የነበረው የጌም ካርድ አንድ ብቻ ነው፦ ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፣ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ። አቡሽ የጠበቀው ፊፋ ነበርና አኮረፈ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ዞር ብሎ አላየውም። እኔ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ፣ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። "እስኪ መሥራቱን ልየው" ብዬ ማታ ከሥራ ስገባ ከፈትኩት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ በሩ ላይ ቆማ "አንተ፣ ነገ ሱቅ የለህም?" ስትለኝ ነው ቀና ያልኩት።

ጌሙ አዲስ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ ማርች 3 ቀን 2017 ከማሽኑ ጋር በአንድ ቀን ነው የወጣው፤ በእኛ የካቲት 24 ቀን 2009 መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎ ተሸልሟል፣ ተከታዩም በ2023 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። እኛ ጋ ግን ዕቃ የሚደርሰው ሰው ሲመጣ ነውና ለእኔ የዘንድሮ ጌም ነው። ዘመድ ያመጣላቸው ሰዎች ሱቄ ይዘውት እየመጡ "ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል እንዴ? ልጁ ይሞታል፣ ይሞታል፣ ይሞታል" ይሉኛል። አልተበላሸም። እንደዚያ ሆኖ ነው የተሠራው። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው፤ ለጥገና ያልተጠየቀ ምክር አድርጋችሁ ቁጠሩት።

ለደሴ ኑሮ የሚስማማበትን ነገር መጀመሪያ ልናገር። ካርዱን ከሰካችሁ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ጌሙን ከኢንተርኔት ላውርድ የሚል ሰው 13 ጊጋባይት ገደማ ይጠብቀዋል፣ ካርዱ ያለው ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማሽኑ እጅ ላይ ይበራል። የእኛው የመጀመሪያው ዓይነት ስለሆነ በዚህ ጌም ሦስት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ በ2019 የወጣው የተሻሻለው ግን አምስት ሰዓት ተኩል ይዘልቃል ይላሉ አምራቾቹ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ ሰፈሩ ጨልሞ፣ እናቴ ኩራዟን አብርታ እኛ ሦስታችን በአንዲት መዳፍ በምታክል መስኮት ላይ አፍጥጠን ያሳለፍናቸው ምሽቶች ብዙ ናቸው።

ታሪኩን በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰው፣ ጌሙም ቢሆን ብዙ አይጨነቅበትም። ሊንክ የሚባል ወጣት ለ100 ዓመት ከተኛበት ዋሻ ይነቃል። ሃይሩል የምትባለው አገሩ ፈርሳለች። ጋነን የተባለ መዓት ቤተ መንግሥቱን እንደ ጢስ ከቦታል፣ ልዕልት ዜልዳ እዚያው ውስጥ ሆና ይዛዋለች። ሂድና ግደለው። በቃ። ሊንክ ያለው ሦስት ልብ (የሕይወቱ መለኪያ ነው፣ ሲያልቅ ይሞታል)፣ ያጠረችው አሮጌ ልብስና ከመሬት የሚያነሳው የዛፍ ቅርንጫፍ ነው።

ከዋሻው ሲወጣ የሚያገኘው ቦታ አምባ ነው። ዙሪያውን ገደል የሆነ፣ አናቱ ሜዳ የሆነ፣ መውጫ የሌለው። እኛ ወሎዬዎች አምባ ምን እንደሆነ አይነገረንም፤ መቅደላ ጎረቤታችን ነው። ከአምባው የሚያወርድህ አንድ የሸራ ክንፍ ብቻ ነው፣ እሱን ለማግኘት ደግሞ አራት ሽራይን የሚባሉ የድንጋይ ቤቶችን ፈልጎ መፈተን አለብህ። አንድ ሽማግሌ እሳት ዳር ተቀምጦ ያገኝሃል፤ ጥቂት ይነግርሃል፣ ብዙውን ይደብቅሃል። አቡሽ ሽማግሌውን መጀመሪያ ሽፍታ ነው ብሎ በቅርንጫፍ ሊመታው ሞክሮ ነበር። እንግሊዝኛው ገና ስለሆነ የሚለውን አልሰማውም። በኋላ እንዳየሁት ግን ባይሰማውም ብዙ አልቀረበት።

የአምባው ጥበብ ምን መሰላችሁ፣ በኋላ የሚገጥምህ ነገር ሁሉ በትንሹ እዚያ ላይ አለ። በረዶ ያለበት ተራራ አለ። የሚንከባለል ቋጥኝ አለ። ቆርጠህ ስትጥለው ገደሉን ድልድይ ሆኖ የሚያሻግር ዛፍ አለ። እግራቸው የተሰበረ፣ ዓይናቸው ግን የሚሠራ የጥንት ማሽኖች አሉ። ማንም "ይህን ቁልፍ ተጫንና እንዲህ አድርግ" ብሎ ሰሌዳ አያቆምም። ትነካለህ፣ ይጎዳሃል ወይም ይሠራል።

እኔ በረዶው ተራራ ላይ ሦስት ጊዜ ሞትኩ። ሊንክ እየተንቀጠቀጠ ልቡ አንድ በአንድ ይጠፋል፤ እኔ ደግሞ "ቶሎ ከሮጥኩ እደርሳለሁ" እላለሁ። እናቴ ቡና እየቆላች በጎን ታየኝ ነበር። ኩታበር ገጠር ነው ያደገችው፤ ጌም የሚባል ነገር በሕይወቷ ነክታ አታውቅም። "ልጁ እኮ በርዶታል" አለችኝ። "አውቃለሁ እማዬ።" "ታዲያ እሳት አትይዝለትም?" ችቦ ለኩሼ ይዤ ወጣሁ። የልቡ መጥፋት ቆመ። ከዚያ ከሥር ቀይ በርበሬ የሚበቅልበት ቦታ አገኘንና ቀቅለን ስናበላው ያለ ችቦም አልበረደውም። "በርበሬ የበላ ይበርደዋል እንዴ?" አለች እናቴ፣ ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ ገርሟት። እኔ ሞባይል የምፈታው ሰውዬ አላወቅኩም። ከኮምቦልቻ በቲሸርት ተነስቶ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ መናኸሪያ ጉም ውስጥ የወረደ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነበር።

ያን ቀን ነው የገባኝ። ሌሎች ጌሞች የራሳቸው ሕግ አላቸው፣ ሕጉን ትማራለህ። ይህኛው የዓለምን ሕግ ነው የሚጠቀመው። እሳት ሣር ያቃጥላል፤ ነፋስ ወደሚነፍስበት ይሄዳል፤ የሚነድ ሣር አየሩን ወደ ላይ ስለሚያነሳው የሸራ ክንፍህን ከፍተህ ትነሳበታለህ። እንጨት መሣሪያ ይቃጠላል። ብረት መብረቅ ይስባል። የንብ ቀፎ በቀስት ከመታህ ንቡ በጠላት ላይ ይለቀቃል፣ አንተ ቀርበህ ከሆነም በአንተ ላይ። ሠሪዎቹ ይህን አንድ ላይ ለመሞከር መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች የሚታይ ጠፍጣፋ ጌም ሠርተው ነበር፤ በ1986 የወጣውን የመጀመሪያውን ዜልዳ የሚመስል። ዛፍ ቆርጦ ወንዝ ላይ መንሳፈፍ፣ ቅጠል ማቃጠል፣ ሁሉን እዚያ ላይ ፈትነው ነው ወደ ትልቁ የገቡት። እናቴ ይህን ስነግራት "ታዲያ ምን ፈለሰፉ?" አለችኝ።

ወደ ውጊያው ልምጣ፣ ሰው የሚሸሸው እሱን ስለሆነ።

ቦኮብሊን የሚባሉ ባለ ትልቅ ጆሮ ቀያይ ፍጡራን አሉ፣ እሳት ከበው ሥጋ እየጠበሱ ይቀመጣሉ። ደካሞቹ ጠላቶች እነሱ ናቸው። እኔ ዘው ብዬ ገብቼ ቁልፉን እየደበደብኩ በቅርንጫፍ አወርድባቸዋለሁ። ቅርንጫፉ ይሰበራል። እነሱ ሦስት ናቸው፣ እኔ ባዶ እጄን ነኝ። ሞት። እንደገና። ሞት። ቦምብ ብወረውርባቸው እንደ ኳስ በእግራቸው መልሰው ይመቱታል። መሣሪያቸውን ባስጥላቸው ያንኑ ከመሬት ያነሱታል፣ ካጡም ድንጋይ ይወረውራሉ። ሞብሊን የሚባለው ረጅሙ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ቦኮብሊን አንስቶ ይወረውርብሃል። ይህን ሳይ ተናድጄ መሣቅ ጀመርኩ።

አቡሽ ያኮረፈበትን ረስቶ ያን ጊዜ ነው የመጣው። "ጋሼ፣ ለምን ትሮጣለህ? ከላይ ያለውን ድንጋይ አታይም?" አለኝ። ከሰፈራቸው በላይ ተዳፋቱ ጫፍ ላይ አንድ ቋጥኝ ነበር። ገፋው። ቋጥኙ ተንከባሎ ወርዶ መሐላቸው ያለውን ቀይ በርሜል መታው፣ በርሜሉ ፈነዳ፣ ሦስቱም ተበተኑ። አንድም ምት ሳይሰነዝር። ከዚያ ወርዶ የጠበሱትን ሥጋ በላ።

እኔ ስለ ውጊያ የማውቀው ከድሮዎቹ የድብድብ ጌሞች ነው፦ ፈጣን እጅ። እዚህ ግን ፈጣን እጅ ይገድላል። ጠላትህ ዱላውን ሲያነሳ አትዘልም፤ ሊጥል ሲል ነው የምትዘለው። ያን ቅጽበት ካገኘኸው ጊዜው ቀስ ይልና እየደጋገምክ ትመታዋለህ። ከፈጠንክ ይመታሃል፣ ከዘገየህም ይመታሃል። እያንዳንዱ መሣሪያ ደግሞ የራሱ ጊዜ አለው፤ ጦር የያዘውና ትልቅ ዱላ የያዘው አንድ አይደሉም። ከኋላው ጎንበስ ብለህ ድምፅ ሳታሰማ ከደረስክ የምትመታው ምት ስምንት እጥፍ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በዚያው ያበቃል። እነዚህን ሁሉ በወጉ የሚያስተምር አንድ ሽራይን አለ፣ ካካሪኮ የምትባል መንደር በላይ። እኛ እዚያ የደረስነው ሁሉንም በግንባራችን ከተማርን በኋላ ነው። አቡሽ ገብቶ አንድ በአንድ ጨረሰና "ይሄንንማ እናውቃለን" ብሎ ወጣ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ጥገና የተማርኩት እዚሁ ደሴ አንድ ትልቅ ሰው ጋ ነው፣ ለሁለት ዓመት። ጋሼ አንድም ቀን ቁጭ አድርገው አላስተማሩኝም። የሞቱ ቦርዶች በካርቶን ሞልተው አጠገቤ ያስቀምጡና "እነዚህን አቃጥል" ይሉኛል። መበየጃው ሲግል፣ ቆርቆሮው ሲፈስ፣ ቺፑ ሲነሳ፣ ቦርዱ ሲጠቁር፤ ሁሉን በእጄ አየሁት። የደንበኛ ስልክ የሰጡኝ ካርቶኑ ካለቀ በኋላ ነው። ለመማር የምታቃጥለው ነገር ርካሽ መሆን አለበት፤ ሰው ስልክ ላይ ቢያስለምዱኝ ኖሮ ወይ እሰደብ ነበር ወይ እጄ ፈርቶ ይቀር ነበር። ይህ ጌም እንደ እሳቸው ነው። በትንሽ ነገር ይገድልሃል፣ ግን ሞቱ ርካሽ ነው። የደረስክበትን በራሱ በየመሐሉ ያስቀምጥልሃል፤ ስትሞት ከሞትክበት ጥቂት እርምጃ ወደኋላ ይመልስሃል፣ ያገኘኸውን አይቀማህም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለምን እንደሞትክ ታያለህ። "ወይኔ፣ ቸኮልኩ" ትላለህ እንጂ "ተበደልኩ" አትልም።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት ስል ሌላም ሞከርኩ። ፒያሳ አቅራቢያ ካለ አንድ ጌም ቤት በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ኤልደን ሪንግ አለ ብለውኝ ሄድኩ። በ2022 የወጣ ነው፣ እሱም ዓለሙ ክፍት፣ እሱም ሳያስተምርህ የሚለቅህ። ገና ከመነሻው ዋሻ ወጥተህ ብርሃን ስታይ በወርቅ ያጌጠ ፈረሰኛ መንገድህ ላይ ይጠብቅሃል። ገደለኝ። ደጋግሞ ገደለኝ። ተማርኩ ወይ? አዎ፣ አንድ ነገር፦ ዞሮ ማለፍ እንደሚቻል። እሱም ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው፣ አላሳንሰውም። ግን እዚያ ስትሞት ያጠራቀምከው ሩን የሚባል ሀብት የሞትክበት ቦታ መሬት ላይ ይቀራል፤ ሳትደርስበት ደግመህ ከሞትክ ጠፋ። ጌሙን ማቆም አይቻልም፣ ስልክ ቢደወልልህም ጠላት አይጠብቅህም። በዚያ ላይ እኔ የምከፍለው በሰዓት ነው። በሰዓት እየከፈሉ መሞት ሌላ ነገር ነው፤ ከኋላዬ ደግሞ ፊፋ የሚጠብቁ ልጆች "አባባ አልቻሉም" እያሉ ይስቃሉ። በሳምንቱ ስመለስ አንዱ የእኔን ማስቀመጫ አጥፍቶ በላዩ ጀምሯል። ጌም ቤቱን ትቼ ወጣሁ። ኤልደን ሪንግ የራሱ ማሽን፣ የራሱ ክፍልና የራሱ ትዕግሥት ላለው ሰው ታላቅ ሥራ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ለኪራይ ግን አይሆንም።

ወደ ዜልዳ ልመለስ። ርዕሱን የሰጠኝን ነገር ገና አልተናገርኩም።

ጋርዲያን የሚባሉ የጥንት ማሽኖች አሉ፣ ሸረሪት የሚመስሉ፣ አንድ ዓይን ያላቸው። ሲያዩህ ቀይ ጨረር ደረትህ ላይ ያርፋል፣ ድምፁ ይፈጥናል፣ ከዚያ ይተኩሳሉ። በሦስት ልብ አንዷን ጥይት አትችላትም። ሙዚቃውም ሳይቀር ልብ ይሰቅላል፤ ፒያኖው ሲጀምር እናቴ "መጣ! መጣ!" ብላ ጀበናውን ትይዛለች። አቡሽ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲያያቸው ሮጠ። ከዛፍ ኋላ ይደበቃል፣ ግንብ ሥር ይለጠፋል። አንድ ቅዳሜ መብራት በጠፋበት ወደ አምባው ተመለሰ፣ እግራቸው የተሰበረው ጋርዲያኖች ወዳሉበት ፍርስራሽ። ጋሻው የድስት ክዳን ነበር። በእውነት የድስት ክዳን፤ ጌሙ ውስጥ እንደ ጋሻ የሚያዝ የእንጨት ክዳን አለ፣ ከሁሉ የከፋው ጋሻ። "ምን ልታደርግ ነው?" አልኩት። "ልመልሰው ነው" አለኝ።

ዜድ-ኤል የሚባለውን ቁልፍ ይዞ ክዳኑን ከፍ ያደርጋል፣ ጨረሩ ሊነካው ሲል "ኤ" ቁልፍን ይጫናል። ሞተ። እናቴ መቁጠር ጀመረች። አራት። ሰባት። አንዳንዴ ይፈጥናል፣ አንዳንዴ ይዘገያል። ጣቱ ሲማር በዓይኔ አየሁት፦ መጀመሪያ ጨረሩን እያየ ነበር የሚጫነው፣ በኋላ ግን ዓይኑን ወደ ጋርዲያኑ ዓይን አዞረ፤ ከመተኮሱ በፊት ብልጭ የምትል ነገር አለች። አሥራ አምስተኛው ላይ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ጨረሩ ተመልሶ የተኮሰውን ራሱን መታው፣ ማሽኑ ተበታተነ። አቡሽ ስዊቹን ጥሎ ተነስቶ ጮኸ። እናቴ "በክዳን?" አለች። "በክዳን እማማ!" ከዚያ ወዲህ ወጥ ስትሠራ የድስቷን ክዳን አንስታ ታሳየዋለች።

አሁን ልብ በሉ፦ በዚያ ጊዜ አቡሽ ያለው ልብ አልጨመረም፣ ጋሻው አልተሻለም። የጨመረው ጣቱ ነው። ሌሎች ጌሞች ላይ ብዙ ጊዜ ተጫዋቹ ዝም ብሎ ሰዓት ካሳለፈ ገጸ ባሕርዩ ይጠነክርለታል። እዚህም በእርግጥ መጠንከሪያ አለ፤ ሽራይኖቹ 120 ናቸው፣ አራት ስትጨርስ አንድ ልብ ወይም ትንፋሽ ትጨምራለህ። ግን ይህ ድጋፍ ነው እንጂ መንገዱ አይደለም። ማስረጃውን ልስጣችሁ። የእኔን ጨዋታ ላለመንካት ብሎ አቡሽ በማሽኑ ላይ የራሱን ስም ከፍቶ ከዜሮ ጀመረ። አምባው እኔን አምስት ሌሊት ነው የፈጀብኝ። እሱ ከምሳ በኋላ ጀምሮ ቡናው በረካ ላይ ሳይደርስ ወረደ። ያው ሦስት ልብ፣ ያው ቅርንጫፍ። ከአምባው ከወረድክ በኋላ ደግሞ ጌሙ በቀጥታ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሄደህ ጋነንን እንድትገጥም ይፈቅድልሃል፤ ማንም አይከለክልህም። አቡሽ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ በሦስት ልብ እየሄደ በሩ ላይ ይሞታል። እስካሁን አልገባም።

ያልወደድኩትን ደግሞ ልናገር። መሣሪያ ይሰበራል። ሰይፍ አግኝተህ ገና ስሙን ሳታነብ አሥራ ምናምን ጊዜ ስትመታበት ብትንትን ይላል። ነገር ሲሰበር መጠገን እንጀራው ለሆነ ሰው ይህ ስድብ ነው፤ በጌሙ ውስጥ ተራ ሰይፍህን የሚያድስልህ ቀጥቃጭ እንኳ የለም። ለምን እንዳደረጉት ይገባኛል፦ አንድ ሰይፍ ላይ እንዳትጣበቅ፣ ካገኘኸው ነገር ጋር እንድትላመድ። አቡሽ ቶሎ ለመደው፤ ሊሰበር ሲል ቀይ ብልጭታ ስላለው ያን ጊዜ ጠላት ላይ ይወረውረዋል፣ የመጨረሻው ምት እጥፍ ይጎዳልና። እኔ ግን ጥሩውን መሣሪያ ሁሉ "ለክፉ ቀን" ብዬ ሳስቀምጥ ክፉ ቀኑ እስካሁን አልመጣም። ማስተር ሶርድ የሚባል የማይሰበር ሰይፍ አለ፣ እሱን ለመንቀል 13 ልብ ያስፈልጋል፤ እሱም ቢሆን ሲደክም ይጠፋና ማረፍ አለበት።

ከዚህ የባሰው ግን ምግቡ ነው። እዚህ ላይ ጌሙ ራሱን ያታልላል ብዬ አምናለሁ። በውጊያ መሐል ልብህ ሊያልቅ ሲል ጌሙን አቁመህ ከረጢትህን ከፍተህ አሥር ሳህን መብላት ትችላለህ፣ ጠላትህ ዱላውን እንዳነሳ ይጠብቅሃል። መጀመሪያ ላይ ምግብ ስለማይኖርህ ችግሩ አይታይም። ሃያ ሰዓት ከተጫወትክ በኋላ ግን ከረጢትህ ሞልቶ ሞት የሚባል ነገር ይርቅሃል። ላይኔል የሚባል ግማሹ አንበሳ ግማሹ ፈረስ የሆነ ጨካኝ አለ፤ ቀስቱን ሲስብ፣ እሳት ሲተፋ፣ ሲሮጥ እያንዳንዱን ለይተህ ካልተማርከው አይለቅህም። እኔ የመጀመሪያውን የገደልኩት ግን በመማር ሳይሆን በመብላት ነው፤ ዓሣና እንጉዳይ አንድ ገበታ ሙሉ። አላኮራኝም። አቡሽ "ጋሼ፣ አንተ እኮ ሰርግ ቤት ነው የገባኸው" አለኝ። ምግብ ማብሰሉም አሰልቺ ነው፤ ያገኘኸውን አዘገጃጀት የሚያስቀምጥልህ መዝገብ የለም፣ ሃያ ሳህን ለመሥራት ሃያ ጊዜ አንድ በአንድ መርጠህ መጣል አለብህ። የሚያስቅ ጎን ቢኖረው ያልሆነ ነገር ስትቀላቅል ምስሉ ተሸፍኖ የሚወጣው ወጥ ነው። ጭራቅ የማይገኝባት የአቡሽ የሙከራ ቤት ያቺ ድስት ናት።

ሌላው ቅሬታዬ አጭር ነው፦ የጥንካሬ ፈተና የሚሉት ሽራይን በየቦታው አንድ ዓይነት ነው፤ ኮሮክ የሚባሉ ትናንሽ የእንጨት ልጆች ፍሬ 900 መሆኑ ቀልድ ነው፤ አማርኛ የለውም። እንግሊዝኛ የማያነብ ልጅ በየመንደሩ ያሉ ሰዎች የሚሰጡትን ሥራ አይከተልም፣ ግማሹ ቀልድም ያመልጠዋል። አቡሽ ላልገባው ነገር እኔን ይጠራኛል፣ እኔ ለማላየው ነገር እሱን።

ዝናቡን ለብቻው አስቀመጥኩት፣ ምክንያቱም ቤታችን የተከፋፈለበት እሱ ነው። በዚህ ጌም ሊንክ ማንኛውንም ገደል መውጣት ይችላል፣ ትንፋሹ እስካለ። ዝናብ ሲጥል ግን ይንሸራተታል፤ አራት አምስት ጊዜ እጁን ሲዘረጋ ወደ ታች ይመለሳል። ገደል መሐል ላይ ዝናብ ከያዘህ የሚቀርህ ወይ መውደቅ ወይ ጠርዝ ፈልጎ መቆም ነው። እኔ እናደዳለሁ። የደሴ ሐምሌ ይበቃኛል፣ በዚያ ላይ እንደገና ዝናብ? እናቴ ደግሞ ከሁሉ የወደደችው ይህን ነው። "በዝናብ ገደል የሚወጣ ማነው? ተጠለልና እሳት አንድድ፣ ያባራል።" እውነትም ከዋሻ ሥር እሳት አንድደህ ብትቀመጥ ጊዜው ያልፋል። መብረቅ ሲጀምር ሰይፍህ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ እሷ ናት ቀድማ "ብረቱን ጣለው!" ያለችው፣ እኔ ግን ዘገየሁና ሞትኩ። አቡሽ ከዚህ ሞት የራሱን ነገር አወጣ፦ ሰይፉ ብልጭ ማለት ሲጀምር ቦኮብሊኖቹ መሐል ወረወረው። አንዱ ደስ ብሎት አነሳው። ሰማዩ ጨረሰው።

የጌሙ ዳይሬክተር ሂዴማሮ ፉጂባያሺ የሃይሩልን ስፋት ሲለካ የሚያውቃትን የኪዮቶን ካርታ በላዩ አንጥፎ "ከዚህ እዚያ ስንት ይፈጃል" እያለ ያስብ እንደነበር አንብቤያለሁ። ይህን ለአቡሽ ስነግረው እኛም የእኛን ማንጠፍ ጀመርን። አምባውን ሆጤ አደረግነው፣ በረዶውን ተራራ ጦሳ፣ ሞቃቱን በረሃ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ታች። አንድ እሑድ ወደ ጦሳ ይዤው ወጣሁ። ልጁ ተራራውን እንደ ሊንክ ነው የሚያየው፦ "እዚያ ጋ ማረፊያ አለ፣ ከዚያ እዚህ፣ ትንፋሽ ይበቃናል።" የእኔ ትንፋሽ ግን መሐል ላይ አለቀ፣ በርበሬም አላዳነኝም።

ለማን ይሆናል? ቶሎ ማሸነፍ ለሚፈልግ አይሆንም። በፊፋ ሰባት ደቂቃ ውስጥ አሸናፊና ተሸናፊ ለለመደ ልጅ የመጀመሪያው ሳምንት ይከብደዋል፤ አታስገድዱት፣ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ራሳችሁ ሙቱ፣ ይመጣል። መልሱን ከዩቲዩብ አታሳዩት፤ አንዴ አሳየሁትና ለሁለት ቀን ጌሙን ጠላው። ካርዱን ያገለገለ ስትገዙ ማሽን ላይ ሰክታችሁ እስኪከፍት አይታችሁ ክፈሉ። ማሽኑን ከሆነ የባትሪውን ቆይታ ጠይቁ። ልጆች ካሏችሁ ደግሞ ለየራሳቸው ስም ክፈቱላቸው፣ ማስቀመጫው አይቀላቀልም፣ ጠብም አይነሳም።

እኔ ጌሙ ውስጥ ካሉት አራት አውሬ መሰል ግዙፍ ማሽኖች ሦስቱን ጨርሻለሁ። አቡሽ አንዱንም አልነካም፣ የእሱ ፍላጎት የቤተ መንግሥቱ በር ላይ ነው። ባለፈው ዓርብ እህቴ ከጅዳ ደወለች። ስልኩን እናቴ አነሳች። "ያን ጌም ጨረሱት እንዴ?" ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ወደ ማሽኑ ዞር ብላ አየች፤ ሊንክ ከአንድ ቋጥኝ ሥር እሳት አንድዶ ተቀምጧል፣ ውጭ ይዘንባል፣ የእኛም ጣሪያ እንደዚሁ።

"ገና ነው" አለቻት። "ዝናቡ እስኪያባራ ተጠልለናል።"